ተዘዋዋሪው ጥላ፦ ቅመምና አበባ በደብረ ማርቆስ ጓሮ

ደብረ ማርቆስ ላይ የቤት ጥላ አንድ ቦታ አይቀመጥም። በታኅሣሥ እኩለ ቀን ላይ ሦስት ሜትር ቁመት ያለው ግድግዳ ወደ ሰሜን ሁለት ሜትር ያህል ያጠላል። ያው ግድግዳ በሰኔ አጋማሽ ፊቱን ያዞርና ወደ ደቡብ 70 ሴንቲ ሜትር ብቻ ጥላ ይጥላል። ነገሩ የከተማዋ አቀማመጥ ያመጣው ነው። ማርቆስ ከምድር ወገብ በስተሰሜን ከ10 ዲግሪ ጥቂት አለፍ ብላ ነው የምትገኘው። ስለዚህ ከሚያዝያ ሁለተኛ ሳምንት እስከ ነሐሴ 20 ገደማ ፀሐይ በእኩለ ቀን የምታልፈው ከአናት ወደ ሰሜን ዘንበል ብላ ነው፤ በቀሩት ወራት ደግሞ ወደ ደቡብ።

የጓሮ አትክልት ወሬ ሲነሣ “የእኔ ግቢ ጥላ ነው፤ ምንም አይበቅልበት” የሚል ሰው አይጠፋም። እንዲህ የሚለው ሰው ብዙ ጊዜ ግቢውን ያየው በአንድ ወቅት ብቻ ነው። ከቤቱ ጀርባ በስተሰሜን ያለችው ቁራጭ መሬት በጋውን ስትቀዘቅዝ ከርማ ክረምት ላይ፣ ደመናው በተገለጠ ቁጥር፣ ፀሐይ ታገኛለች። በስተደቡብ ያለችው ግን በጋውን ሙሉ ስትጠበስ ትከርማለች። በአውሮፓ መጻሕፍትና በኢንተርኔት ቪዲዮዎች የሚነገረው “የሰሜን ግድግዳ ሥር ዓመቱን ሙሉ ጥላ ነው” የሚለው ምክር ለለንደን ይሠራል። ለጎጃም አይሠራም።

ምሥራቅና ምዕራብም እኩል አይደሉም። በክረምት ወራት የደጋው ሰማይ ጠዋት ከፈት ይልና ከሰዓት በኋላ ደመናው ይከብዳል፤ ዝናቡም አብዛኛውን ጊዜ ያኔ ነው የሚወርደው። በዚህ የተነሣ ወደ ምሥራቅ የዞረ መደብ በሐምሌም ቢሆን የጠዋት ፀሐዩን ሲጠግብ፣ ወደ ምዕራብ የዞረው ተራው ሲደርስ ሰማዩ ይዘጋበታል። በወረቀት ላይ ሁለቱም የግማሽ ቀን ጥላ ናቸው። የሚያፈሩት ግን ለየቅል ነው።

ይህን ሁሉ በመሣሪያ መለካት አያስፈልግም፤ ጥቂት ችካል ይበቃል። ሰኔ 14 እና ታኅሣሥ 12 አካባቢ ጥላው በጠዋቱ ሦስት ሰዓት፣ በስድስት ሰዓት ተኩልና በዘጠኝ ሰዓት የደረሰበትን ቦታ ችካል እየተከሉ ምልክት ማድረግ ነው። ስድስት ሰዓት ተኩል የተባለው ያለ ምክንያት አይደለም። አገሪቱ የምትጠቀመው ሰዓት ከማርቆስ በስተምሥራቅ ርቆ በሚያልፍ መስመር ላይ የተመሠረተ በመሆኑ፣ ፀሐይ በከተማዋ አናት የምትደርሰው ከሰዓቱ ግማሽ ሰዓት ያህል ዘግይታ ነው። በችካሎቹ መካከል በቀን ስድስት ሰዓትና ከዚያ በላይ ፀሐይ የሚያገኘው መሬት የፀሐይ መሬት ይባላል። ከሦስት እስከ ስድስት ሰዓት የሚያገኘው ከፊል ጥላ ነው፤ ከዚያ በታች የሆነው ሙሉ ጥላ።

ጥላው እየበዛ መምጣቱም እውነት ነው። ድሮ መንቆረር ትባል የነበረችው ከተማ ሰፊ ግቢ የነበራት ናት። ዛሬ ግቢው ለልጆች ተከፋፍሎ፣ የአጥሩ እንጨት በብሎኬት ተተክቶ፣ ጎረቤት ፎቅ ሠርቶበት፣ ጓሮ ሲባል ከወጥ ቤቱ ጀርባ የቀረች ጠባብ መተላለፊያ ማለት ሆኗል።

ከግድግዳ ጥላ የዛፍ ጥላ ይለያል፤ ከዛፍም ዛፍ አለ። በዐፄ ምኒልክ ዘመን ወደ አገር የገባው ባሕር ዛፍ ለጎጃም ገበሬ ትልቅ ገቢ ነው፤ ለቅመም መደብ ግን ክፉ ጎረቤት ነው። ሥሩ ከቅርንጫፉ አልፎ ሄዶ ውሃውን ይሻማል፤ የሚረግፈው ቅጠልም የሌሎችን ዘር አበቃቀል የሚያውክ ንጥረ ነገር አለው። ዋንዛና ብሳና ሌላ ናቸው። በበጋ ቅጠላቸውን ያራግፋሉ፤ የረገፈው ቅጠል ቶሎ ይበሰብስና አፈሩን ያለሰልሳል። ባሕር ዛፍ ያጠላበት ሰው ከዛፉ ጋር ከሚታገል በሣጥን ወይም በበርሜል አፈር ሞልቶ እዚያ ቢተክል ይሻለዋል።

የጥላ ወቀሳ ሲበዛ የሚረሳ አንድ ውለታ አለ፤ ከውርጭ ማዳኑ። ማርቆስ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,400 ሜትር ከፍ ብላ ተቀምጣለች። በኅዳርና በታኅሣሥ ሰማዩ ጥርት ሲል መሬት ቀን የያዘችውን ሙቀት ሌሊት ወደ ሰማይ ትለቅቃለች፤ ረባዳው ቦታ ሁሉ ጎህ ሲቀድ ነጭ ሆኖ ይገኛል። ዛፍ ያጠላበት መሬት ሙቀቱ በቅርንጫፎቹ ስለሚያዝለት ከውርጩ ያመልጣል። ሜዳ ላይ የተተከለው በሶብላ በአንድ ሌሊት ጠቁሮ ሲያድር፣ ከዋንዛው ጠርዝ ሥር ያለው አረንጓዴ እንደሆነ ያድራል። ቀን ጥቂት ፀሐይ ከፍሎ ሌሊት ሕይወትን ማትረፍ መጥፎ ንግድ አይደለም።

ወደ ቅጠሎቹ እንምጣ። ከወጥ ቤት ቅመሞች አብዛኞቹ የፀሐይ ልጆች መሆናቸውን መደበቅ አያስፈልግም። ጦስኝ በከፍታ ቦታ ግልጥ ሜዳ ላይ የሚበቅል ነው፤ ጥላ ውስጥ ሲገባ ይረዝማል እንጂ አይሸትም። የጥብስ ቅጠልም ፀሐይና ውሃ የማይቋጥር አፈር ይፈልጋል፤ በጥላ ሥር በክረምት ጭቃ ውስጥ ከቆመ ሥሩ ይበሰብሳል። ጥቁር አዝሙድ፣ አብሽና ለፍሬው የሚዘራ ድንብላል የማሳ ሰብሎች ስለሆኑ ለጥላ ጓሮ አይታሰቡም። በሶብላና ጠጅ ሳር በስተደቡብ ግድግዳ ሥር ቢተከሉ ቀን ፀሐይ ያገኛሉ፤ ሌሊት ደግሞ ግድግዳው ቀን የጠጣውን ሙቀት መልሶ ያካፍላቸዋል። የሽታው ጉዳይ ቀላል አይደለም። ለእነዚህ ዕፅዋት መዓዛ የሚሰጣቸው ቅጠላቸው ላይ ያለው ዘይት ነው፤ ብዙዎቹም ዘይቱን በደንብ የሚያበጁት ብርሃን ሲያገኙ ነው። ስለዚህ በጥላ ያደገ በሶብላ ለዓይን ያማረ ሆኖ በርበሬው ውስጥ ሲገባ ሊያሳፍር ይችላል።

ጤና አዳም መሃል ላይ ያለ ነው። ፀሐይ ይወዳል፤ ግማሽ ቀን ካገኘም ይኖራል፤ ብቻ ይሳሳል። በጎጃም ግቢዎች ከበር አጠገብ አንድ ሥር የማይጠፋው ያለ ምክንያት አይደለም። ቡና ሲፈላ የጎረቤት ልጅ “እማማ፣ ጤና አዳም ስጡኝ ብላለች እናቴ” እያለ ይመጣል፤ ሁለት ዘለላ ተቀንጥሶ ይሰጠዋል። አይብ ላይም ይገባል፤ በርበሬ ሲዘጋጅም። አንድ ነገር ግን ልብ ሊባል ይገባል። የተቀነጠሰው ግንድ የሚያወጣው ፈሳሽ ቆዳ ላይ ሆኖ ፀሐይ ካገኘው ቃጠሎ የመሰለ ቁስል ያወጣል፤ ውሃ ይቋጥራል። በቀትር ፀሐይ እጅጌን ሰብስቦ ጤና አዳም መከርከም የሚያስከትለውን የሚያውቁት የደረሰባቸው ናቸው። ነፍሰ ጡር ሴትም በብዛት መውሰድ የለባትም።

እውነተኛዎቹ የጥላ ወዳጆች ሦስት ናቸው ቢባል ብዙ ስሕተት አይሆንም፦ ናና፣ ዳማ ከሴና ጌሾ።

ናና እርጥበት እስካገኘ ድረስ የፀሐይ ነገር አያስጨንቀውም። ከቤቱ በስተሰሜን፣ እጣቢ ከሚደፋበት ዳር ቢተከል በጋውን አረንጓዴ ሆኖ ይከርማል፤ የሳሙናው ውሃ ብቻ አይድረስበት። ችግሩ አለማደጉ ሳይሆን አለማቆሙ ነው። ከመሬት ሥር እየሮጠ የጎረቤቱን መደብ ስለሚወርስ ታቹ የተበሳ አሮጌ ባልዲ ውስጥ ተተክሎ ባልዲው መሬት ውስጥ ቢቀበር ይገታል። ዳማ ከሴ የደን ዳር ቁጥቋጦ ነው። ምች መታው የተባለ ሰው ቅጠሉን አሽቶ የሚያሸተውና ጭማቂውን የሚቀባው ይኸው ነው፤ ስለዚህ መድኃኒቱ ከቤት ርቆ እንዳይፈለግ በጓሮ ይተከላል። ቁራጭ ግንዱ በሰኔ እርጥብ አፈር ውስጥ ቢሰካ ይይዛል። ከሰው ቁመት በላይ ሊያድግ ስለሚችል ለናናው ራሱ ጥላ እንዳይሆንበት ወደ አጥሩ ጠጋ ማድረግ ነው።

ጌሾ የጠላ ጠማቂዋ ነገር ነው። በዛፍ ጥላ ሥር እንደሚሆንለት ማስረጃ ለሚፈልግ ጣና ሐይቅ ላይ ያለችው የዘጌ ልሳነ ምድር ትበቃለች። በገዳማቱ ዙሪያ በተጠበቀው ደን ሥር ቡናና ጌሾ አብረው ሲለሙ ኖረዋል፤ የነዋሪው ኑሮም በአብዛኛው በእነሱ ላይ የቆመ ነው። ቡናው ማርቆስ ድረስ አይመጣም፤ ብርዱ አይፈቅድለትም። ጌሾው ግን ደጋውን ችሎ ይኖራል። ኮረሪማም ከጥላ ሥር በቀር የማይሆንለት የአገራችን ቅመም ነው፤ በጣና ዙሪያም ጥቂት ይበቅላል። በ2,400 ሜትር ላይ መሞከሩ ግን ልፋት ብቻ ነው።

አበባው ላይ ስንደርስ መጀመሪያ አንድ ስመ ጥር እንግዳ ከዝርዝሩ መውጣት አለበት። አደይ አበባ የጥላ አበባ አይደለም። የጎጃምን ሜዳ በመስከረም ቢጫ የሚያለብሰው ዝናቡ ሲያባራ የሚመጣውን ሙሉ ብርሃን ይዞ ነው፤ ጥላ ውስጥ የተዘራ አደይ ቀጥኖ ይወድቃል። ከመስከረም 26 እስከ ኅዳር 5 በሚዘልቀው በዘመነ ጽጌ ግቢው እንዲያብብለት የሚፈልግ ሰው ለአደዩ በር ላይ ያለውን ግልጥ ቦታ ሰጥቶ ለጓሮው ሌላ መፈለግ ይኖርበታል። ጽጌረዳም እንዲሁ ነው። ሁሉም ሰው ይተክለዋል፤ በጥላና በእርጥበት ግን ቅጠሉ ነጭ ሻጋታ ይለብሳል ወይም ጥቁር ነጥብ ያወጣና ይረግፋል።

ከውጭ የሚመጡት የፀደይ አበቦች፣ ቱሊፕና ዳፎዲል፣ በሥዕል ያምራሉ። ከዘመድ በሻንጣ ተልከው የተተከሉም አሉ። እነዚህ ሥረ ሽንኩርት ያላቸው አበቦች ግን ለማበብ ረጅም የብርድ እንቅልፍ ይፈልጋሉ፤ ለቱሊፕ ሦስት ወር ያህል ከ10 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በታች። የማርቆስ ዓመታዊ አማካይ ሙቀት 16 ዲግሪ ገደማ ነው። የሌሊት ውርጭ ቢኖርም ቀኑ ስለሚሞቅ ሥራቸው አይተኛም። ተዘጋጅተው በመጡበት ዓመት አንዴ ሊያብቡ ይችላሉ፤ በሚቀጥለው ዓመት ቅጠል ብቻ ይሆናሉ።

ለጎጃም የጥላ ጓሮ የተፈጠረ አበባ ካለ እንሶስላ ነው፤ የሚያሳዝነው ደግሞ እንደ አበባ የሚያየው ሰው ጥቂት መሆኑ ነው። ሴቶች የሚያውቁት በሥሩ ነው። ሥሩ ተወቅጦ እጅና እግር ላይ ተደርጎ ተጠቅልሎ ያድርና ጠዋት ቆዳው ቀልቶ ይገኛል፤ እንሶስላ መሞቅ ማለት ይኸው ነው። ለሠርግና ለበዓል ሲሞቅ የኖረው ይህ ተክል ከመሬት በላይ የሚሠራውን ግን በቅርብ ማየት ይገባል። ዝናቡ ሲጀምር ከሥሩ ውሃ ያዘለ ወፍራም ግንድ ይወጣል፤ ከተመቸው ሁለት ሜትር ሊደርስ ይችላል። አበባው ትልቅና ነጭ ነው፤ ጉሮሮው ላይ ወይን ጠጅ መስመር አለው፤ ከኋላው ደግሞ ቀጭን፣ ረጅምና ጎበጥ ያለ ቱቦ ይወርዳል። በቱቦው ጫፍ የአበባ ማር አለ። እዚያ ለመድረስ ረጅም ምላስ ያስፈልጋል፤ ስለዚህ አበባው መዓዛውን የሚለቀው ሲመሽ ነው፤ ደንበኛውም ማታ የሚበርር ትልቅ የእሳት ራት ነው። ፍሬው ሲበስል ደግሞ ለልጆች መጫወቻ ነው፤ ጣት ሲነካው በድንገት ይፈነዳና ዘሩን ይረጫል።

ተክሉን አቺል ሪቻርድ የተባለ ፈረንሳዊ የዕፅዋት ሊቅ በ19ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ሳይንሳዊ ስም ሰጥቶታል። ዛሬ በእንግሊዝ አገር አትክልት ወዳዶች ለጥላ ቦታ ብለው ገዝተው ይተክሉታል፤ ክረምታቸውን እንዲያልፍ ሥሩን በቅጠልና በገለባ ይሸፍኑለታል። እዚህ በአገሩ ግን ለግቢ ውበት ተብሎ ችግኝ ጣቢያ የሚኬደው ለሌላ ነገር ነው።

ከእሱ ቀጥሎ አጥር ላይ የሚወጣው ተንበለል አለ፤ ነጭ አበባው ያውዳል፤ የዛፍ ጥላም ይችላል። ከሰሃራ በስተደቡብ ብቸኛው አገር በቀል ጽጌረዳ የሆነው ቀጋም በአጥር ዳር ይሆናል፤ ግማሽ ቀን ፀሐይ ግን ይሻል። በጥላማ ደኖቻችን በመጀመሪያዎቹ ዝናቦች ከመሬት ብቅ የሚል፣ ቅጠሉን ሳይጠብቅ ቀይ ክብ አበባ የሚያወጣ ሥረ ሽንኩርታም ተክል አለ፤ የሳይንስ ስሙ ስካዶክሰስ ነው። የእኛ የፀደይ አበባ ይሁን ቢባል የሚከራከር አይኖርም። መርዝ ስላለው ግን ልጆችና ከብት ከሚደርሱበት መራቅ አለበት።

ከውጭ ከመጡት ውስጥ በጥላ የሚያምርበት ሃይድራንጃ ነው፤ ለማርቆስ ደግሞ የተለየ ነገር አለው። በዓመት 1,300 ሚሊ ሜትር ገደማ የሚወርደው ዝናብ ካልሲየሙንና ማግኒዚየሙን ከአፈሩ እያጠበ ስለሚወስድ የምሥራቅ ጎጃም ከፍተኛ ቦታዎች አፈር በብዙ ቦታ አሲዳማ ሆኗል። ገበሬውን ኖራ ያስጫነው ይህ ችግር ለሃይድራንጃ ቀለም ነው። በአሲዳማ አፈር ውስጥ የሚሟሟውን አልሙኒየም ሲስብ አበባው ሰማያዊ ይሆናል። አሲዱ የቀነሰበት አፈር ላይ ያው ተክል ሮዝ ያብባል። የምድጃ አመድ አሲድን ስለሚያረግብ፣ አመድ በሚደፋበት ጥግ የተተከለውና ከአጥሩ ሥር የተተከለው በአንድ ግቢ ውስጥ በቀለም ሊለያዩ ይችላሉ። ነጭ ዝርያዎቹ ግን ምንም ቢደረግ ነጭ ናቸው።

የጥላ ዕፅዋት በአካባቢው የተረፉት በዋናነት በቤተ ክርስቲያን ደን ውስጥ ነው። ብዙ አንባቢ በ“እመጓ” ልብ ወለዳቸው የሚያውቃቸው ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴ በሙያቸው የደን ሥነ ምኅዳር ተመራማሪ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2007 በሆላንድ ዋኸኒንገን ዩኒቨርሲቲ ለዶክትሬት ያቀረቡት ጥናት የኢትዮጵያን ቤተ ክርስቲያን ደኖች የሚመለከት ነው። ከአሜሪካዊቷ ተመራማሪ ከማርጋሬት ሎውማን ጋር ሆነው በደቡብ ጎንደር በደኖቹ ዙሪያ የድንጋይ አጥር እንዲሠራ ያገዙት ከብት ገብቶ በጥላው ሥር የሚበቅለውን ቡቃያ እንዳይጨርሰው ነው። ስለዚህ ለጓሮ ተብሎ ከደብሩ ግቢ ነቅሎ መውሰድ ነውር ነው። ዘር መልቀም ይቻል እንደሆነ የደብሩን አስተዳዳሪ መጠየቅ ይበቃል።

የሚቀረው የአፈሩ ሥራ ነው። በክረምት ጥላ ቦታ ላይ ተክል የሚገድለው ከብርሃን ማነስ ይልቅ ውሃ ነው፤ ፀሐይ ስለማያደርቀው ዋልካው ተጨማልቆ ይቆማል። መደቡን ከመሬት አንድ ስንዝር ተኩል ከፍ ማድረግ፣ ዳሩን በድንጋይ መያዝ፣ ከቆርቆሮው የሚወርደውን ውሃ ገበሬ ማሳ ላይ እንደሚያደርገው በፈሰስ ማስወጣት ያስፈልጋል። የደረቀ የዋንዛ ቅጠልና የበሰበሰ የከብት ፍግ ከአፈሩ ጋር ቢደባለቅ ይላላል። በሐምሌ ቀንድ አውጣ ለጋውን ቅጠል ይጨርሳል። አመድ መበተን እስኪዘንብ ድረስ ብቻ ነው የሚረዳው፤ አስተማማኙ ማታ ባትሪ ይዞ መልቀም ነው። ለዶሮ ድግስ ነው።

እንሶስላውን ለመትከል ግንቦት ጥሩ ወር ነው። ሥሩ ከጎረቤት ጓሮ ቢገኝ ይመረጣል፤ ገበያ ላይ ለመሞቂያ የሚሸጠው ደርቆ ወይም ተከትፎ ከሆነ አይበቅልም። ከግንዱ ጋር የሚያያዘው አናቱ ያልተቆረጠ ሥር በአንድ ስንዝር ጥልቀት ተቀብሮ፣ ከሌላው ሥር አንድ ክንድ ርቆ፣ ከዛፍ ጠርዝ ወይም ከምሥራቅ ግድግዳ አጠገብ ይቀመጣል። ዝናቡ ካቆመ በኋላ ግንዱ ሲጠወልግ ሞተ ተብሎ መነቀል የለበትም። በኅዳር ወይም በታኅሣሥ ተቆፍሮ ትልልቁ ለመሞቂያ ይወሰዳል፤ ትንንሹ እዚያው ጉድጓድ ውስጥ ይመለስና እስከሚቀጥለው ግንቦት ውሃ አይጠጣም።